ምዕራፍ አራትን ያላስነካችው ጸዳለ

የጸዳለን መርዶ የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ከመንደራ ቆጪ ወደ ገበያ እየወረድኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ፤ የማላውቀው ቁጥር ነበር።

«እትዬ ሰሚራ፣ ማኅሌት ነኝ። የጸዳለ ልጅ» አለችኝ። ቀጥሎ የሚመጣውን ከአተነፋፈሷ አወቅሁት። «እማዬ ትናንት ከሰዓት አረፈች።»

እንዲህ ሲባል ሰው የሚጠይቀው ነገር አይጠፋም። ምን አገኛት፣ ታማ ነበር ወይ፣ ቀብሩ መቼ ነው። ከእኔ አፍ የወጣው ግን «የት?» የሚል ብቻ ነው።

«እዚሁ ደብረ ብርሃን። ቤቷ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አልኩ።

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ባጃጅ ነጂው የምሥራች የሰማሁ መስሎት በመስታወቱ አይቶ ፈገግ አለልኝ። ማኅሌት ግን ሰምታለች። ላስረዳት አፌን ስከፍት ኔትወርኩ ሄደ። የጅማ ኔትወርክ እንዲህ ነው፤ ሰውን አሳፍሮ መሃል ላይ ጥሎ ይሄዳል።

እኛ በደስታም በሐዘንም አላህን እናመሰግናለን፤ ይህን ሰበብ አድርጌ ማምለጥ እችል ነበር። ግን ራሴን አላታልልም። የእኔው የደስታ ነበር። ጸዳለን የማያውቅ ሰው በዚህ ይፈርድብኛል፤ ስለዚህ ማን እንደነበረች ልናገር።

ጸዳለ ጅማ የመጣችው ለሦስት ወር ነው። ይህን ያልሰማ ሰው በመሥሪያ ቤታችን አልነበረም፤ ሻይ የምታፈላልን ሴትዮም ሳትቀር ታውቀዋለች። የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተምራ ደብረ ብርሃን ውስጥ ትሠራ ነበር። ባሏ እዚያው መምህር ነው፤ ልጇ ማኅሌት ገና ፊደል ቆጣሪ ነበረች። የእኛ ጽሕፈት ቤት የቡና አያያዝ መመሪያውን ከወረቀት አውጥቶ ኢንተርኔት ላይ ሊያወጣ ተነሣና ሰነድ ማደራጀት የሚችል ሰው በትውስት ጠየቀ። አሠሪዎቿም አዋሷት። ሥራው አልቆ ስታስረክብ ክሊራንስ ተጽፎላት ወደ ቤቷ ትመለሳለች ተባለ። ያለ ክሊራንስ ከሄደች የአገልግሎት ዘመኗም ሥራዋም ይቀራል። ባሏ በመምህር ደመወዝ ብቻውን ቤት ሊመራ ነው? እንግዲህ መቀመጥ ነው።

የተቀመጠችው ግን በራሷ ቋንቋ «ቆሜ ነው»። ቦሳ ኪቶ እትዬ አስካለ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ከፍራሽና ከምድጃ በቀር አንድ ዕቃ አልገዛችም። ልጠይቃት ስሄድ እኔን ፍራሹ ላይ ታስቀምጠኝና እሷ ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። «ወንበር የሚገዛ ሰው ሊሰነብት ያሰበ ነው» ትለኝ ነበር። እኔ በዕድሜ ስለማንሳት መጀመሪያ ሰሞን አንቱ እላታለሁ። አንድ ቀን ተቆጣች። «አንቱ አትበይኝ። አንቱ የተባለ ሰው እዚሁ ይጦራል።» ከዚያ ወዲያ አንቺ ሆነች።

ከሁሉ ሰውን ያስቀየመው ግን የዕድሩ ጉዳይ ነው። እትዬ አስካለ የሠፈሩ ዕድር ጸሐፊ ናቸው። ተከራያቸው ዕድር ሳትገባ መኖሯ እንቅልፍ ነሣቸው። ዕድር የሌለው ሰው ሲሞት ማን ያነሣዋል? ማን ድንኳን ይተክልለታል? ለመኗት፣ ጎረቤት አስለመኑባት። መልሷ አንድ ነው። «እትዬ አስካለ፣ እኔ እዚህ የመጣሁት ልሠራ ነው እንጂ ልቀበር አይደለም።» ሴትዮዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቀሩ። በእርግጥ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ምላሷ ግን እንዲህ ነበር፣ ከመናገሯ በፊት አይመክራትም።

ሥራችን ምን እንደነበረ ደግሞ ላስረዳ። ሁለታችንም የምንሠራው በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። መስኮቷ የብረት ፍርግርግ አለው፤ በሯ በክረምት ዝናብ አብጣ አልከፈት ትላለች፤ በትከሻችን ነው የምንወጣው። ኮምፒዩተሩ ላይ የመመሪያው ምዕራፎች በስተግራ በኩል ከላይ ወደ ታች ተደርድረው ይታያሉ። አንዱን በማውስ ይዘው ሲያነሡት ከነክፍሎቹ ይነሣል፤ የፈለጉበት ቦታ ላይ ይጥሉታል። ቁጥሩን የሚሰጠው ፕሮግራሙ ራሱ ነው። ከታች የነበረው አንደኛ ሲሆን አንደኛ የነበረው ሳይጠየቅ ሁለተኛ ይሆናል፤ ሁለተኛውም ሦስተኛ፣ እንዲህ እያለ ሁሉም ይገፋፋል። ሲጥሉት እጅ ትንሽ ወደ ቀኝ ካዘነበለች ደግሞ ጉድ ነው፤ ራሱን የቻለው ምዕራፍ የሌላው ምዕራፍ ክፍል ሆኖ ሥሩ ይገባል።

ጸዳለ አንድ ምዕራፍ ከማንቀሳቀሷ በፊት እጇን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ጫማዋን ታወልቃለች። «ዝም በሉ» ትላለች፤ ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው ባይኖርም በብዙ ነው የምታዘው። ማውሷ ያረጀች ስለነበረች ጣቷን ካላላች ምዕራፉ መሃል መንገድ ላይ ይወድቃል። ኔትወርክ ሲሄድማ ጣቷን እንደተጫነች ትጠብቃለች፤ እስኪመጣ አትለቅም። አንድ ጊዜ የምሳ ሰዓት እንዲሁ ይዛ አሳለፈችው። እኔ ከምሳ ዕቃዬ እየቆረስኩ አጎረስኳት፤ አንድ ሰው በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባና እኔ አጉራሽ፣ እሷ ማውስ ጨብጣ ጎራሽ ሆነን ሲያገኘን ተመልሶ ወጣ።

«ቦታ የሌለው ነገር ቢኖርም የለም» የምትለው አባባል ነበራት። ስለ ምዕራፍ ነው የምታወራው፤ ግን ስትናገረው ፍርግርጉን እያየች ነው።

ታዲያ ሦስት ወሩ እንዴት አላልቅ አለ? ነገሩ ቀላል ነው። ዘመኑ መሥሪያ ቤት ሁሉ በግምገማና በለውጥ የሚናጥበት ነበር። ገዥው ግንባር አንዱን ኃላፊ ያነሣል፣ ሌላውን ይሾማል። ሹም ሲለወጥ በሌላው ቤት መጋረጃ ይለወጣል፤ በእኛ ቤት ምዕራፍ ይለወጣል። ከጥራት ቁጥጥር የመጣው «ጥራት ምዕራፍ አንድ ይሁን» አለ። ከኅብረት ሥራ የመጣው ደግሞ «ያለ ኅብረት ሥራ ምን ቡና አለ?» ብሎ እሱን አንደኛ አደረገ። በእኛ አገር ወንበርም ስምም የሚቀመጠው በማዕረግ ነውና መጽሐፉም እንደ ሠርግ ቤት ሆነ፤ ማን ከማን በላይ ይቀመጥ የሚል ክርክር ነው። ቅደም ተከተሉ በተለወጠ ቁጥር መመሪያው እንደ አዲስ ይታያል፣ እንደ አዲስ ይጸድቃል። እስኪጸድቅ አላለቀም። ካላለቀ ርክክብ የለም። ርክክብ ከሌለ ክሊራንስ የለም። ጸዳለም የለችም፤ ማለቴ ደብረ ብርሃን የለችም።

በዓመት ፈቃዷ ትሄዳለች እንጂ አትሄድም አልልም። ስትመለስ ግን ከሄደችበት ይልቅ ከስታ ነው የምትመጣው። «ልጄ የእንግዳ ሳህን አወጣችልኝ» አለችኝ አንድ ጊዜ።

ምዕራፍ አራትን አላስነካም ያለችበት ምክንያት ጀማል ነው። ጀማል ደዶ አካባቢ ያሉትን የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች የሚከታተል የግብርና ባለሙያ ነው፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ቢሯችን ሲመጣ ሙዝ ይዞ የሚመጣ። የዚያን ቀን ግን ሙዝ አልያዘም። ቋጠሮ ፌስታል ጸዳለ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ፈታው።

«ማሎ እህቴ፣ እባክሽ አሽትቺው» አላት።

ቡና ነበር። ሽታው የበሰበሰ ነገር ሽታ ነው። እኔ አፍንጫዬን ይዤ ወደ መስኮቱ ሸሸሁ፤ ጸዳለ ግን ጎንበስ ብላ አሸተተችው።

«ምን ሆኖ ነው?»

«አፉር ለማ አልኳቸው። በስልክ። አራት ነጥብ ሁለት ማለቴ ነው» አለ ጀማል። «ቡናው ታጥቦ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ ፀሐይዋ በርትታለች፤ ሸፍኑት ነው የምለው። እኛ አፉር ለማ ስንል ሸፍኑት ማለት ነው፤ ሁሌም። ልጆቹ አዲስ ናቸው፤ ስልካቸውን ከፍተው አራት ነጥብ ሁለትን አነበቡ። ገንዳ ውስጥ ይብላላ ይላል። ከአልጋው አንሥተው መልሰው ውኃ ውስጥ ከተቱት፣ ዋላሂ!»

«የታጠበ ቡና? ተመልሶ?»

«የመንግሥት መመሪያ ነዋ! ክተቱ ካለ ይከታሉ፤ ማል ጎና? ምን እናድርግ?»

ያኔ ነው የገባን። ገጠሩ ሥራውን የሚሠራው በኦሮምኛ ነው፤ መመሪያው በአማርኛ ነው፤ ርዕሶቹ ደግሞ በግምገማ ቋንቋ የተጻፉ፣ አንድ ትንፋሽ የማይበቃቸው ናቸው። ሰዎቹ ርዕሱን ትተው ቁጥሩን ስም አደረጉት። አፉር ለማ ማለት መሸፈን ነው፣ አለቀ። እኛ ደግሞ ለሹም ክብር ብለን አንዱን ምዕራፍ ሽቅብ ስናወጣ ስማቸውን ሁሉ ሌላ ቦታ ወሰድንባቸው።

«የማን ቡና ነው?» አለች ጸዳለ።

«የመንደሩ ነዋ። የሁሉም።»

ሽታው ከክፍላችን ለመውጣት ብዙ ቆየ። ጸዳለ በዚያው ዕለት ማንንም ሳታስፈቅድ ምዕራፎቹን ቀድሞ ወደነበሩበት መለሰች። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሹም ሁሉ ሥራውን የሚጀምረው ከእሷ ጋር በመጣላት ነው። ከአራት በላይ ምንም አይገባም፣ ምንም አይወጣም። ከአራት በታች እንዳሻችሁ አሰልፉት ትላለች። በግምገማ «የለውጥ አደናቃፊ» ተባለች። «የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት አለባት» ያለም ነበረ። «ኪራይስ እከፍላለሁ እንጂ ሰብስቤ አላውቅም» ብላ ስብሰባውን አሳቀችውና ያው መልሳ ተገመገመች።

አቶ ታምሩ የተሾመው በዚህ መሃል ነው። ከንግድ በኩል የመጣ፣ ነገሩ ለስለስ ያለ፣ የማይጮህ ሰው ነው። የማይጮህ ሹም እፈራለሁ። ለቀማ ተጀምሮ ገጠሩ ሁሉ በተወጠረበት ሰሞን ጸዳለን ጠራት፤ እኔም ማስታወሻ እንድይዝ ተጠርቼ ነበር።

«ወይዘሮ ጸዳለ፣ ክሊራንስ ከጠየቁ ቆይተዋል አይደል?»

«መጠየቅ ካቆምኩ ቆይቻለሁ።»

መሳቢያውን ከፍቶ ደብዳቤውን አሳያት። ተጽፎ አልቋል፤ ማኅተምና ፊርማ ብቻ ይቀረዋል። «ከክልል እንግዶች ይመጣሉ። የገበያ ትስስር ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ሆኖ ይዩት። በማግስቱ ደብዳቤዎን ይዘው ልጅዎ ጋ ይገባሉ።»

ጸዳለ ደብዳቤውን አላየችም፤ መሳቢያውን ነው ያየችው። «ለቀማው ይለቅና አቶ ታምሩ። ከለቀማ በኋላ የእርስዎን ብቻ ሳይሆን የሾፌሩንም ቢሉኝ አንደኛ አደርጋለሁ። አሁን ቁጥር ካዛባን ሰው ቡናውን ያጣል።»

«ገበሬ አንብቦ ይሠራል እንጂ በቁጥር ይሠራል?»

የጀማልን ፌስታል ነገረችው። በትዕግሥት ሰማት። «እንግዶቹ ለቀማ አይጠብቁም» አለና መሳቢያውን ዘጋው።

ወደ ክፍላችን ስንመለስ ማኅሌት ደወለች። የጸዳለ ስልክ ድምፁ ስለሚጮህ ሁሉም ይሰማል። «እማ፣ ገናን ከእኛ ጋር ነሽ አይደል? አባዬ ጠይቂያት አለኝ።» ጸዳለ ፍርግርጉን ይዛ ቆማ ነበር። «ነኝ» አለቻት። እኔ የመከርኳት ምክር ዛሬም አልተለወጠም፦ «ተዪው በቃ! አንቀሳቅሺውና ሂጂ። ጀማል ራሱ ይንገራቸው። ልጅ ይበልጣል።»

«ጀማል ለስንቱ ይደውላል?» አለችኝ። «ደግሞ ያንን ሽታ ይዤ ቤቴ ልግባ?»

በማግስቱ ስገባ ጫማዋን አውልቃ ጠበቀችኝ። «በሩን ዝጊው» አለችኝ፤ ያበጠ በር ማን ይከፍተዋል ብዬ እየሳቅሁ ዘጋሁት። የገበያ ትስስርን ከታች ይዛ ቀስ እያለች ወደ ላይ ወሰደችው፤ አራትን አለፈች፣ ሁለትን አለፈች፣ አንድንም አልፋ ከእሱ በላይ፣ መቅድም በሚቀመጥበት ቦታ ጣለችው። ፕሮግራሙ መቅድምን አይቆጥርም። የአቶ ታምሩ ምዕራፍ ከሁሉ በላይ ሆነ፤ ቁጥር ግን የለውም። አራት አራት እንደሆነ ቀረ።

«ከአንድ በላይ ለሆነ ሰው ቁጥር ምን ያደርግለታል?» አለችና ሳቀች። ጥርሷ እስኪታይ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

አቶ ታምሩ አየ፤ ደስ አለው። «እንዲህ ነው እንጂ!» ብሎ ፊት ለፊታችን ደብዳቤውን ፈረመ፤ እንግዶቹ ሲሄዱ ማኅተም መትቼ እሰጥዎታለሁ ብሎ መልሶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ጸዳለ የአውቶቡስ ቲኬት ቆረጠች። ፍራሿን ለእትዬ አስካለ የግቢ ዘበኛ ሰጠች። ለማኅሌት ቀይ ሹራብ ገዛች፤ በልኳ መሆኑን ስለማታውቅ እኔን የጎረቤት ልጅ አስመጥታኝ ለክታ ነው የገዛችው።

እንግዶቹ መጡ። አዳራሹ ግድግዳ ላይ መመሪያው በትልቁ በራ፤ አቶ ታምሩ እያሳየ አስረዳ። መጨረሻ ላይ ከእንግዶቹ አንዱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «ይቺ የላይኛዋ ቁጥሯ የት አለ?» አለ።

«ይሄ... መቅድም ነዋ» አለ አጠገቡ ያለው እንግዳ። «አቶ ታምሩን መቅድም አድርገዋቸዋል!»

አዳራሹ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ሰዎቹ ረፋዱን ሙሉ ሲያዛጉ ውለው ነው። በዚያ ዘመን ግን በሹም መሳቅ ቀላል ነገር አይደለም። አቶ ታምሩም አብሮ ፈገግ አለ፤ እኔ ግን የጸዳለን እጅ አየሁ፤ የነጠላዋን ጫፍ ይዞ ነበር።

ከሰዓት ጠራት። አልጮኸም። ደብዳቤውን አወጣ፣ ለሁለት አጠፈው፣ መልሶ አስቀመጠው። «መመሪያው ገና አላለቀም» አላት። ይኸው ነው ያላት። ከዚያ በኋላ የገበያ ትስስርን እኔው ራሴ አንደኛ አደርገዋለሁ ብሎ ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀመጠ፤ እጁ ወደ ቀኝ አዘነበለችና ምዕራፉ «ተባይና በሽታ» ሥር ክፍል ሆኖ ገባ። ሊመልሰው ሞከረ፣ አልወጣም አለው። ከዚያች ቀን ወዲያ ምዕራፍ የሚባል ነገር በእጁ አልነካም። አራትም ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ለቀማው አለፈ። የአንድም መንደር ቡና አልሸተተም።

ሰው ይህን ስነግረው ይስቃል። እኔም መሃሉ ላይ እስቃለሁ። የሚቀጥለውን ስናገር ግን አልስቅም።

በሚቀጥለው እሑድ ጸዳለ «አብረሽኝ ነይ» አለችኝ። የት እንደምንሄድ ሳትነግረኝ ወደ ቦሳ ኪቶ ዕድር ስብሰባ ይዛኝ ገባች። ሰዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እትዬ አስካለ መዝገቡን ዘርግተዋል። አንዱ ጎረምሳ «ሦስት ወሩ አለቀ እንዴ እትዬ?» ብሎ ቀለደ። ማንም አልሳቀም።

«አለቀ» አለች ጸዳለ። «ጻፉኝ።»

እትዬ አስካለ እንደዚያ ሲለምኗት ኖረው አሁን እስክሪብቶውን ማንሣት አቃታቸው። «ልጄ፣ እስቲ ለገና ደርሰሽ ነይ፤ ያኔ እንጽፍሻለን» አሏት። «አይ፣ ዛሬ ጻፉኝ» አለች። ጻፏት። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ ከዚያም ቢደርስባት የሚነገረው ሰው ማን እንደሆነ ጠየቋት። ዞራ አየችኝ። «ሰሚራ» አለች።

ስንወጣ ዝናብ ነበር። «እንግዲህ ካሻሽ አንቱ በይኝ» አለችኝ። «አልልም!» ብዬ ጮኽኩባት መንገድ ላይ። «አንቺ ነሽ! እስክትሄጂ አንቺ ነሽ!» በዚያው ሳምንት ወንበር ገዛች። ቀዩን ሹራብ በፖስታ ቤት ላከችው።

ከዚያ በኋላ ዓመታቱ እንዴት እንዳለፉ እኔም አላውቅም። አቶ ታምሩ ተነሣ፤ ሌላ መጣ፤ ሌላም መጣ። ጸዳለ ሠፈሩ ውስጥ ለቅሶ ደረሰች፣ ድንኳን ተከለች፣ ንፍሮ ቀቀለች። በክሊራንስ ጉዳይ አንድም ቀን አፏን አልከፈተችም። የማኅሌት ድምፅ በስልኩ ውስጥ እየበሰለ፣ አነጋገሯ እያጠረ ሄደ። የሆነ ጊዜ ላይ «መቼ ነው የምትመጪው?» ማለት ተወች። ጸዳለን ከሁሉ የገደላት ይህ ይመስለኛል።

በመጨረሻ የለቀቃት ሰው አይደለም። ጽሕፈት ቤቱ ራሱ በአዲስ አደረጃጀት ታጠፈ ተባለና ለሁላችንም በአንድ ረፋድ ክሊራንስ ታደለ። የሚመለከተው ክፍል ሠራተኛ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን ማኅተሙን እየመታ ሰጠን። ጸዳለ ወረቀቷን ይዛ «መመሪያው እኮ አላለቀም» አለችው። «የቱ መመሪያ?» አላት።

መናኸሪያ የሸኘኋት እኔ ነኝ። ወንበሯን ሰጠችኝ፤ ይህን የምጽፈው እሱ ላይ ተቀምጬ ነው። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «ጀማልን አራት በቦታው ነው በይው» አለችኝ። ቻው እንኳ አላለችኝም።

እንግዲህ የእኔ «አልሐምዱሊላህ» ይህ ነበር። ወጣች፣ ቤቷ ገባች፣ በአልጋዋ ሞተች ብዬ ነው።

ማኅሌት ከሰዓት መልሳ ደወለችልኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት። «ገብቶኛል እትዬ ሰሚራ፤ የእኔም ሆድ እንደዚያው ብሏል» አለች። ቀጥላም፦ «አንድ ነገር ላስቸግርዎት። የቦሳ ኪቶ ዕድር ሰዎች አሉ አይደል? እነሱንም ይንገሩልኝ። እስካለፈው ወር ድረስ መዋጮዋን ትልክላቸው ነበር።»

«ከደብረ ብርሃን?»

«አዎ። እዚህም ዕድር አለን እኮ። ለምንድን ነው እማ ብዬ ጠይቄያት ነበር።» ድምፅዋ ተቆረጠ፤ በዚህ ጊዜ የቆረጠው ግን ኔትወርኩ አልነበረም። «‹ቢጠሩኝስ?› አለችኝ።»

አልሐምዱሊላህ ያልኩበት አፌ መረረኝ። ቤቷ ሆና፣ ልጇ አጠገብ ተቀምጣ፣ አንድ ቀን ደብዳቤ መጥቶ ተመለሺ እንደሚላት እየጠበቀች ነበር። ሸኝቻት ነበር እንጂ ወጥታ አልነበረም።

በዚያው ምሽት ለእትዬ አስካለና ለጀማል ደወልኩ፤ በማግስቱ ቦሳ ኪቶ ስደርስ የዕድሩ ለፋፊ ዞሮ ድንኳኑ ተተክሏል። አስከሬን የለም፤ አባላችን ናት ብለው ነው። እትዬ አስካለ አርጅተዋል፤ መዝገቡ ግን ዛሬም ከእሳቸው እጅ አልወጣም። ጀማል ከደዶ መጥቶ ጥግ ተቀምጦ አገኘሁት። መመሪያውን አሁን የሚከፍተው ሰው እንደሌለ ነገረኝ። «ግን ልጆቹ እስከ ዛሬ አፉር ለማ ይላሉ» አለኝ። «ከየት እንደመጣ አያውቁም። ፀሐይ ሲበረታ አፉር ለማ ይባባሉና ይሸፍናሉ።» ሁለታችንም አለቀስን።

ከዚያ ተነሥቼ እትዬ አስካለ ፊት ሄድኩ። «ስሟን ሰርዙልኝ» አልኳቸው።

«ምን ያስቸኩልሻል ልጄ? ዓርባዋ ሲወጣ ይሰረዛል።»

«ዛሬ ይሰረዝ። እኔ እያየሁ።»

አዩኝ። የተጻፈች ዕለት አጠገቧ ቆሜ እንደነበር ትዝ ሳይላቸው አልቀረም። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ገጹን ፈልገው አወጡት፤ በጸዳለ ስም ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀይ መስመር አሰመሩ፤ መዝገቡንም አዙረው አሳዩኝ።

«ይኸው፣ ከእኛ ጋር ያላትን ጨርሳለች» አሉ።

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ።

«አሜን» አሉኝ እትዬ አስካለ።